ሃያ አራት አረንጓዴ መብራቶች

ቋጠሮው የእሷ አልነበረም። ሸጋዬ ይህን ያወቀችው ሰኞ ጠዋት፣ ከፀዳ ወደ አራዳ በሚወጣው ታክሲ ውስጥ፣ የምሳ ዕቃዋን የያዘችበትን ፌስታል ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትቋጥር ነው። ጣቶቿ በለመዱት መንገድ ዞረው ሲያበቁ አየቻቸውና ፌስታሉን መልሳ ፈታችው። ቅዳሜ ጠዋት የማሽኑን ክፍል ልትወለውል ገብታ፣ የብረት ቁምሳጥኑን የመስተዋት በር የያዘውን ሲባጎ የፈታችው በጥርሷ ነበር። የራሷን ቋጠሮ በጥርሷ ፈትታ አታውቅም፤ የእሷ እንደ መቀነት ጫፉን ሳብ ሲያደርጉት የሚለቅ ነው። የቅዳሜው ግን ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ፣ ጫፉ ከሥር ገብቶ ተቀብሮ ነበር። የጭነት ቋጠሮ። ያን ጊዜ እጇም ጥርሷም ሥራቸውን ሠሩ እንጂ ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። ፈታችው፣ አቧራውን ጠረገች፣ በራሷ ቋጠሮ መልሳ አሰረችና ወጣች። እንዲህ የሚያስር ሰው በዕድሜዋ ሁለት ብቻ አይታለች፤ አንዱ አፈር ከለበሰ አምስት ዓመቱ ነው።

እሱ ባሏ በላቸው ነበር። አባታቸው ከጭልጋ ኑግ በበቅሎ እየጫኑ ጎንደር ገበያ ያራግፉ ስለነበር፣ ወንዶች ልጆቻቸው ፊደል ሳይቆጥሩ ጭነት ማሰር ተምረዋል። በላቸው የጤፉን ጆንያም፣ የጫማውን ክርም አንድ ዓይነት ነበር የሚያስረው፤ “እኔን ደግሞ በቅሎ አደረግኸኝ” እያለች ትስቅበት ነበር። ሁለተኛው ታላቅ ወንድሙ እንግዳው ነው። የኮሌጁ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣ የልጇ የሃና አለቃ፣ እሷንም ለጽዳት ያስቀጠራት ሰው። በላቸው በሞተ በአርባኛው ቀን “ወንድ የሌለበት ቤት ነው” ብሎ ከሁለቱ የቤቷ ቁልፎች አንዱን ኪሱ የከተተም እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ በሯን አንኳኩቶ አያውቅም። ይገባል፣ የድስት ክዳን ከፍቶ ያያል፣ “ዛሬም ሽሮ?” ይላል፣ ይቀመጣል።

ሸጋዬ ክፉውን ቀድማ የምታስብ ሴት ናት። ስልክ ሲጠራ መርዶ ነው፣ ባጃጅ ሲዘገይ ተገልብጦ ነው፣ ልጇ ሲያስላት ሳንባ ነው። ይህ ሁሉ ፍርሃቷ ግን የቅዳሜውን ነገር ቀድሞ አላየላትም። ቅዳሜ ኮሌጁ ለመውጫ ፈተና የሚዘጋጁ መቶ አርባ ተማሪዎችን በኮምፒውተር የሙከራ ፈተና ሊፈትን ጠርቶ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ተከፈቱ፤ ፈተናው ግን በአንዱም ላይ አልወጣም። ከዳባትና ከደባርቅ ድረስ መጥተው በዘመድ ቤት ያደሩ ልጆች እስከ አምስት ሰዓት ጠብቀው እየተሳደቡ ወጡ። ሃና ችግሩን ያገኘችው አዳራሹ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። አንድ ቢጫ ገመድ፣ ሁለቱም ጫፉ እዚያው አንድ ሣጥን ላይ ተሰክቶ ነበር። “ከበርሜል ቀድቶ እዚያው በርሜል ላይ እንደ መድፋት ነው፤ የሚላከው ሁሉ ሌላ ቦታ ሳይደርስ እየዞረ ራሱን ያንቃል” አለቻት ለእናቷ። አንዱን ጫፍ ስትነቅለው ሁሉም ነገር ወዲያው ነፍስ ዘራ። ግን ማን ሰካው? ገመዱን ዓርብ ለሙከራ ያወጣችው ሃና ናት፤ አንዱን ጫፍ ሰክታ፣ ሌላውን ለቅዳሜ ብላ ከጎን አንጠልጥላው ሄዳለች። እንግዳው እሁድ በሃና ላይ ደብዳቤ ጻፈ። “በቸልተኝነት” የሚል ቃል ነበረበት። ሃና በሙከራ ቅጥር ላይ ናት፤ ስድስት ወሯ የሚሞላው ሐሙስ ነው። ቋሚ ትሁን ወይስ ትባረር የሚለውን ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዲኗ ይወስናሉ።

የማሽኑ ክፍል ከደረጃው ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሸጋዬ ደፉ ላይ ቆማ የነጠላዋን መርፌ ቁልፍ ነቀለችና እንደ ሁልጊዜው ውጭ፣ መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ይህን የምታደርገው ሃና ሥራ በገባችበት በመጀመሪያው ወር ስላስጠነቀቀቻት ነው። በቁምሳጥኑ ውስጥ፣ በዓይን ትክክል፣ እንደ ተኛ መጽሐፍ ጠፍጣፋ የሆነ ጥቁር ሣጥን አለ። ፊቱ ላይ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ሃያ አራት የገመድ ቀዳዳዎች አሉት፤ በስተቀኝ ዳር ከሌሎቹ የተለየ፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ አንድ ቀዳዳ፤ ከእሱ ሥር ደግሞ የመርፌ ጫፍ የምታህል ስም የሌላት ሽንቁር። “እማዬ፣ እዚህች ውስጥ መርፌ ገብቶ ከተጫነ ማሽኑ የሚያውቀውን ሁሉ ይረሳል” ብላት ነበር ሃና። አሥረኛ ክፍል የጨረሰችው ሸጋዬ ቤት ገብታ ሁሉንም በደብተር ጻፈችው። በግራ በኩል ሦስት መብራቶች፤ አንዱ ኤሌክትሪክ መኖሩን፣ አንዱ የማሽኑን ደኅንነት ይናገራሉ፤ ሦስተኛው ቀይ ነው፣ ባይበራ ይሻላል። ከየቀዳዳው በላይ የምስር ፍሬ የምታህል አረንጓዴ መብራት አለች፤ ቦግ ብላ ከቆመች ገመዱ በሁለቱም ጫፍ ይዟል፣ ከጠቀሰች ነገር እያለፈባት ነው። ከሃያ አራቱ የሚበሩት ሃያ ሁለት ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጨለማ ናቸው፣ ሥራ የላቸውም።

ሸጋዬ እነዚያን መብራቶች ጠዋትና ማታ፣ የተኙ ልጆች ትንፋሽ እንደሚያዳምጥ ሰው ትቆጥራቸው ነበር። ከበሩ ጀርባ በተለጠፈው የጽዳት ወረቀት ላይ ቀን፣ ሰዓትና ፊርማ መጻፍ ግዴታዋ ነው። እሷ ግን ማንም ሳያዛት ከፊርማዋ አጠገብ ቁጥሩንም ትጽፋለች። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሁለት። አሁን ወረቀቱን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ዓርብ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር፣ ሃያ ሁለት። ቅዳሜ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ሃያ አራት። ትዝ አላት። ሰው ሁሉ ገና ከቤቱ ሳይወጣ፣ መብራቶቹ በሙሉ እንደ ሠርግ ድንኳን አብረው ብልጭ፣ አብረው ድርግም ይሉ ነበር፤ ጨለማዎቹ ሁለቱም ሳይቀሩ። እሷም “ዛሬስ ሙሉ ሆነ፣ ተመስገን” ብላ አማትባ ነበር።

እዚያው ቆማ ሳለ ከበላይዋ፣ ከደረጃው፣ የእንግዳው ድምፅ መጣ። ከዲኗ ጸሐፊ ከይመኙሽ ጋር ነው።

“የወንድሜ ልጅ ናት፤ አንጀቴ እያረረ ነው የጻፍኩት። ግን ከማን ትማር? አባቷ የአይሱዙ ረዳት፣ እናቷ መጥረጊያ።”

“ኧረ ጋሼ እንግዳው፣ ሃና እኮ ሸጋ ልጅ ናት።”

“ሸጋማ ናት። ሸጋነት መብራት ቢያበራ ጎንደር ጨለማ አያውቃትም ነበር።”

ሳቁ። ይመኙሽ እንኳ ሳቀች፣ ሳትፈልግ እንደሚስቅ ሰው። እርምጃቸው ራቀ። ሸጋዬ መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። አምስት ዓመት ሙሉ የድስት ክዳን ሲከፍትባት፣ ጎረቤት ፊት “ይህችን ቤት የያዝኳት እኔ ነኝ” ሲል፣ እሷ አንገቷን ደፍታ “እግዜር ይስጥልኝ” ስትል ኖራለች። መጥረጊያ መባሏን ትችለው ነበር። በላቸው ግን ሞቶ እንኳ ከወንድሙ አፍ አላመለጠም። ለዚህች አንዲት ልጅ እንጀራ ብሎ በአይሱዙ ወጥቶ ከመተማ መንገድ ያልተመለሰውን ሰው፣ ለአንዲት ጸሐፊ ሳቅ ሸጠው። ወጥታ መርፌ ቁልፏን ከመስኮቱ አንስታ ነጠላዋ ላይ ሰካችው። “አስርሃለሁ” አለች በሹክሹክታ፣ ማንም በሌለበት።

ከሁሉ አስቀድማ ወደ በር ጠባቂው ወደ አያ ጎሹ ሄደች። መዝገባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፀሐይ ይሞቃሉ።

“አያ ጎሹ፣ ዓርብ ማታ ማን ገባ?”

“ዓርብ? የሰው ዓይነት ገብቷል። ዓርብ ነዋ።”

“ከአሥራ አንድ ሰዓት ወዲያ ነው የምልዎ።”

አውራ ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ገጽ ገለጡ። “ይኸውልሽ። ሃና በላቸው፣ አሥር ከሩብ ላይ ወጣች። አንቺ፣ አሥራ አንድ ከሃያ። ከዚያ በኋላ ባዶ።”

“ባዶ ማለት ሰው አልገባም ማለት ነው?”

“ባዶ ማለት አልተጻፈም ማለት ነው።”

“ምነው አልጻፉ?”

“ምነው ትላለች ደሞ! አለቃን አስቁሜ ‘ስምዎ ማነው፣ ለምን መጡ’ ልበል? እንደ በግ ሌባ? እኔ ያሳደገኝ ሰው አለ፤ የማውቀውን ትልቅ ሰው መዝገብ ላይ አላሰፍርም። ነውር ነው።” መንገዱን ግራና ቀኝ አዩ። “ያው አንቺም ታውቂዋለሽ። የክፍሉን ቁልፍ ሲመልስ ደስ ብሎት ስልኩን ሁሉ አሳይቶኛል። ‘አያ ጎሹ፣ ይዩ፣ ሁሉም አረንጓዴ! ለዲኗ ልኬላቸዋለሁ’ ብሎኝ። እኔ ምኑን አውቄው፣ የመስቀል ችቦ መስሎኝ ‘ሸጋ ነው’ አልኩት።”

“ይህን ስብሰባ ላይ ይናገሩልኛል?”

“እኔ? እኔ ምን አየሁ? ልጅ አለኝ እኮ፣ ሸጋዬ።”

አልፈረደችባቸውም። እሷም እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እንዲሁ ነበር የምትመልሰው። የምትፈልገውን ግን አግኝታለች። ፎቶ አለ ማለት ነው፤ ፎቶ ካለ ደግሞ በጥርሷ የፈታችው ቋጠሮ አልጠፋም፤ በዲኗ ስልክ ውስጥ እንደታሰረ አለ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሃናን ፎቅ ላይ፣ ጠረጴዛዋ ጋ አገኘቻት። የምሳ ዕቃው አልተከፈተም። ልጅቷ ዕቃዎቿን አስቀድማ ቦርሳዋ ውስጥ አስገብታለች፤ ትንሿን መፍቻዋን፣ የገመድ መቁረጫዋን፣ የአባቷን ፎቶ። ሸጋዬ አፏን ስትከፍት ሃና ቀድማ “እማዬ፣ ተይው” አለች። “ምኑን?” “ሁሉንም።” ከዚያ ሁለቱም ግድግዳው ላይ ያለውን የአምና የቀን መቁጠሪያ አዩ። ሸጋዬ ሽሮውን እንደተከደነ ይዛ ወረደች።

ሰባት ሰዓት ላይ እንግዳው ከስብሰባው በፊት ክፍሉን ሊያይ መጣ፤ ያገኛታል ብላ በጠበቀችው ቦታ አገኛት። ወለሉ ረጥቧል፣ የመስተዋቱ በር ተከፍቷል፣ ሲባጎው መሬት ወድቋል። ሱፍ ለብሷል። ይህ ሰው ድሮ የታይፕ አስተማሪ ነበር፤ ታይፑ ሲቀር ወንበሩ አብሮት ወደ ኮምፒውተር ተሻገረ። የቁምሳጥኑን ቁልፍ የጣለውም እሱ ነው፤ ሲባጎ የመጣው በዚያ ነው።

“አያ እንግዳው፣ እስቲ ይህችን ይቋጥሩልኝ። እጄ በረኪና ነክቶታል።”

“አይ ሸጋዬ! ሲባጎ ማሰርም አቃተሽ?” አለና ጎንበስ ብሎ አነሳው። እያሰረ አወራ፤ ዓይኑ እሷ ላይ ነው፣ እጁ ግን ብቻውን ያውቃል። “ዛሬ ስብሰባው ላይ ብዙ እንዳትናገሪ። የምትጠየቂው ስለ ጽዳቱ ነው፣ በቃ። ልጅቷን ሌላ ቦታ እፈልግላታለሁ። እኔ እያለሁ አትራቡም።” ሁለት ዙር ጠመጠመ፣ ጫፉን ከሥር አስገባ፣ በአውራ ጣቱ ጫን አለው። ልክ እንደ በላቸው። አንድ አፍታ ልቧ ቀለጠ፤ የሞተ ሰው እጅ ከሱፍ እጅጌ ውስጥ ሲወጣ ያየች መሰላት። “የአይሱዙ ረዳት” ያለው አፍ ግን ከእጁ በላይ ነበር።

“ጠንካራ ነው” አለች ሲባጎውን ሳብ አድርጋ።

“የአባቴ ነዋ!” አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ። “ዛሬ ጎንደር ውስጥ ይህን ቋጠሮ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ካለ አምጪልኝ።”

“እውነትዎን ነው” አለች ሸጋዬ። “ማንም የለም።”

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዲኗ የዶክተር ክብረት ቢሮ ሙቅ ነበር። መጋረጃው ተጎትቷል፣ የውኃ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፣ ይመኙሽ ቃለ ጉባኤ ልትይዝ ብዕሯን ከፍታለች። ሃና ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ታያለች። ሸጋዬን ወንበር አልሰጧትም፤ በሩ አጠገብ ቆመች። እንግዳው በሚያሳዝን ድምፅ አስረዳ። ዓርብ ማታ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ክፍሉን እንደጎበኘ፣ ሁሉም ደኅና እንደነበረ፣ ማስረጃውም በዲኗ ስልክ ላይ እንዳለ፤ ፎቶውን በመስተዋቱ ላይ እንዳነሳው፣ በሩን እንዳልከፈተው። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ጋ የደረሰው ሰው ቅዳሜ ጠዋት የገባችው ሃና ብቻ እንደሆነች። “ደሜ ናት፤ ግን እውነት እውነት ነው” ብሎ ጨረሰ። ዲኗ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ በሩ ዞሩ።

“ሸጋዬ፣ ስታጸጂ ገመድ ነክተሻል?”

“አልነካሁም። ቢፈቅዱልኝ ፎቶውን ልየው።”

እንግዳው “እሷ ምን ልታውቅ?” አለ። ዲኗ ግን የጠየቀችው ነገር ቀላል ስለመሰላቸው ስልኩን ዘረጉላት። ሸጋዬ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ተቀበለችና አየችው። ከዚያ መለሰችላቸው። “የበሩትን መብራቶች እስቲ ይቁጠሩልኝ።” ዶክተር ክብረት ትዕግሥታቸው እያለቀ፣ ፎቶውን በጣታቸው እያሰፉ ቆጠሩ። ሃያ አራት አሉ።

“ሃያ ሁለት ነበር መሆን ያለበት” አለች ሸጋዬ። “ሁለቱ ባዶ ናቸው። እነሱ የሚበሩት ያ ቢጫ ገመድ በሁለት ጫፉ ሲሰካ ብቻ ነው። በዓይን ሲያዩት ሁሉም አብረው ሲጠቅሱ ያስታውቃል፤ ፎቶ ላይ ግን መብራት አይጠቅስም።”

ሃና ቀና አለች። ዲኗ “እውነት ነው?” ሲሏት አጎቷን አየች፣ እናቷን አየች። “እውነት ነው” አለች፣ በቀጭን ድምፅ።

“እንግዲያውስ ሃና ዓርብ ስትወጣ ሰክታው ነበር ማለት ነው!” እንግዳው ከወንበሩ ብድግ አለ። “እኔ ያገኘሁትን ነው ያነሳሁት! ራሷ እናቷ መሰከረችባት!”

ሸጋዬ ይህን ጠብቃ ነበር። ክፉውን ቀድሞ ማሰብ አንድ ቀን እንኳ ይጠቅማል። “ይውረዱና ይዩ” አለች። አምስቱም ደረጃውን ወረዱ። ደፉ ላይ ስትደርስ መርፌ ቁልፏን ነቅላ መስኮቱ ላይ አስቀመጠች፤ ዲኗ ለምን እንደሆነ ሳይገባቸው ቆመው ጠበቋት። ከዚያ ወረቀቱን አሳየቻቸው። ዓርብ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር፣ ሃያ ሁለት። ሃና የወጣችው በበር ጠባቂው መዝገብ አሥር ከሩብ ላይ ነው። “እኔ ቆጥሬ፣ በሩን አስሬ ስወጣ ሃያ ሁለት ነበር። እሳቸው ፎቶ ሲያነሱ ሃያ አራት ሆኗል። በሩንም አልከፈትኩም ብለዋል። እስቲ ፎቶው ላይ ያለውን ቋጠሮና ይህን ያስተያዩልኝ።”

ዲኗ ስልኩን ከመስተዋቱ በር አጠገብ ያዙት። ሁለት ዙር፣ የተቀበረ ጫፍ። አንድ ነው።

“ይህን ማን አሰረው?”

“ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ አያ እንግዳው። የአባታቸው ቋጠሮ ነው፤ ጎንደር ውስጥ ሌላ የሚያውቀው የለም። እኔ አላልኩም፣ እሳቸው ናቸው ያሉኝ።”

የእንግዳው ከንፈር ተንቀሳቀሰ። “ጎዶሎ ሆኖ አስጠላኝ” አለ በመጨረሻ። “ገመዱ ተንጠልጥሎ፣ ሁለቱ ቀዳዳ ጨለማ ሆኖ… ለእርስዎ የሚላክ ፎቶ ነው ብዬ፣ ሙሉ ሆኖ እንዲታይ… ይህን ያህል ያመጣል አላልኩም።” ዶክተር ክብረት ፊታቸውን ወደ ማሽኑ አዞሩ። ያን ፎቶ ሲቀበሉ የመለሱለት የጭብጨባ ምልክት ትዝ ብሏቸው ይሆናል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “በቃ፣ ስህተት ነው፤ ከሰው አያልፍም። የሃና ደብዳቤ ይቀደዳል፣ ሐሙስ ቋሚ ትሆናለች። ነገሩን እዚሁ እንተወው።” ይመኙሽ ተንፍሳ ብዕሯን ዘጋች። እንግዳውም ተነፈሰ።

“ይጻፍ” አለች ሸጋዬ።

“ምኑ?”

“ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ። የልጄ ስም ‘በቸልተኝነት’ ተብሎ ተጽፎ ነበር። አሁን ገመዱ በማን እጅ እንደገባ፣ ማን በሩን አልከፈትኩም ብሎ እንደዋሸ፣ በስሙ ይጻፍ።”

“እማዬ” አለች ሃና።

“ሸጋዬ፣ ኧረ በማርያም። የባልሽ ወንድም ነኝ እኮ!”

“እሱም ይጻፍ። የባሏ ወንድም ብለሽ ጻፊ፣ ይመኙሽ።”

ይመኙሽ ዲኗን አየች። ዲኗ ወለሉን አዩ፣ ከዚያ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዕሩ ተከፈተ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሸጋዬ አራዳ ከአንድ የብረታ ብረት ሱቅ ገባች። ወፍራም የበር መቀርቀሪያ ስንት ነው ስትል ባለሱቁ አራት መቶ አላት። ለወትሮው ግማሹን ብላ የምትጀምር ሴት አንድ ቃል ሳትከራከር ከፈለች። ታክሲው ውስጥ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ያሸነፈችበት ደስታ ከአዘዞ ሳያልፍ ተንኖ ነበር፤ በምትኩ የምታውቀው ፍርሃት መጣ። ዘመድ ሁሉ ይሰማል። ለበላቸው ሙት ዓመት ማን ይመጣል? ልጅቷን ማን ይድራታል? ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አየችው፤ አልተጸጸተችም። ቂሟ እንደ ትኩስ ድንጋይ ሆዷ ላይ ተቀምጦ ያሞቃት ነበር።

ቤት ገብተው፣ እራት ቀርቦ ሳይነካ፣ ሃና ተናገረች። “አውቅ ነበር።”

“ምን ታውቂ ነበር?”

“እሱ እንደሆነ። ቅዳሜ ገመዱን ስነቅለው ጎኔ ቆሞ ነበር። ‘አንቺ ነሽ በይ፤ ለአንቺ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፣ ለእኔ ግን ውርደት ነው። አባትሽ ቢኖር ዝም በይ ይልሽ ነበር’ አለኝ። ሠርጌ ቀን በአባቴ ቦታ የሚቆመው እሱ ነው ብዬ ዝም አልኩ። እሁድ ደብዳቤውን ሳየው… ከዚያ በኋላ ብናገር ማን ያምነኛል?”

ሸጋዬ መቀርቀሪያውን ከፌስታሉ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሽሮው አጠገብ አስቀመጠችው። ሃና ብረቱን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ተነስታ ቦርሳዋን ከፈተች፣ መፍቻዋን አወጣችና በሩ ሥር ተንበረከከች። እናትየው መቀርቀሪያውን ደግፋ ያዘች፣ ልጅቷ ብሎኑን አዞረች። ሲሠሩ ትከሻቸው ይነካካ ነበር። አንደኛው ገባ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው።

አራተኛው ሊጀመር ሲል በሩ ተንኳኳ። በአምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ።

“ሸጋዬ፣ እኔ ነኝ። ሽማግሌ ልልክ ነበር፣ መጀመሪያ ራሴ ልምጣ አልኩ።” ድምፁ ተለሳልሷል። “ከኃላፊነት ሊያነሱኝ ነው። ነገ ገብተሽ ‘በንዴት ነው የተናገርኩት’ ብትያቸው ይቀራል። አንዲት ቃል ናት።”

“የተጻፈ ነገር በአንዲት ቃል አይነሳም። ሂድ።”

አንተ ብላው አታውቅም። ሃና ብሎኑን በቀዳዳው ላይ እንዳቆመች እናቷን ቀና ብላ አየቻት።

“እንዲህ ነው? አንተ ተባልኩ? ደግ! ልጅሽን ማን እንደሚድራት እናያለን። አንቺስ ስትሞቺ ማን ይቀብርሻል?”

ሸጋዬ ይህን ጥያቄ በሌሊት ስንት ጊዜ ለራሷ ጠይቃ፣ ስንት ጊዜ ላብ አጥምቋት ነበር። አሁን ከሰው አፍ ሲወጣ ትንሽ ሆነባት። “ዕድሬ ይቀብረኛል” አለች። “አንድም ወር አላጓደልኩም።”

ሃና ሳታስበው ፈገግ አለችና መፍቻውን ጫን አድርጋ አዞረች። ውጭ የኪስ ሳንቲምና የቁልፍ ድምፅ ተሰማ። ቁልፉ ቀዳዳውን እየፈለገ ብረቱን ጫረ፤ ሸጋዬ ድምፁን ታውቀዋለች፣ አምስት ዓመት ሙሉ በሰማችው ቁጥር ከተቀመጠችበት ተነስታ ነጠላዋን አስተካክላለች። አሁን አልተነሳችም፤ ቆማ ነበር። ሃና እጇን ከብሎኑ አነሳች። “ያዘ” አለች። ሸጋዬ መቀርቀሪያውን በመዳፏ ገፋችው፤ ብረቱ ብረት ውስጥ እስከ መጨረሻው ገባ። ቁልፉ ከውጭ አንድ ጊዜ ዞረ፣ ሁለተኛም ዞረ። በሩ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።